«ተቀበል»፤ ግጥምና ቴአትር የሕዝብን ቃል ስለሚቀበሉበት መንገድ

በጠጅ ቤት ወይም በሠርግ ዳስ አዝማሪ ሲጫወት ያየ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ልማድ አለ። ከታዳሚዎቹ አንዱ በዘፈኑ መካከል «ተቀበል!» ብሎ ይጮኻል፤ የምትጫወተው ሴት እንደ ሆነች ደግሞ «ተቀበይ!» ይላል። ቀጥሎም አንድ ወይም ሁለት ቤት ግጥም ይሰጣል። አዝማሪው የማሲንቆውን ምት ሳያቋርጥ ቃሉን ተቀብሎ፣ ከዜማው ጋር አስማምቶ፣ አንዳንድ ጊዜም በጥቂቱ አቃንቶ ለቤቱ ሁሉ ያሰማዋል። ቃሉ ውዳሴ ሊሆን ይችላል፤ ስድብም፣ የፍቅር ስሞታም፣ በሹም ላይ የሚቀርብ አቤቱታም ሊሆን ይችላል። ከዚህ በኋላ «ይህን የተናገረው ማን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ቀላል አይደለም። ግጥም ሰጪው «እኔ አልዘፈንሁም» ይላል፤ አዝማሪው «ቃሉ የእኔ አይደለም» ይላል፤ የሳቀውና ያጨበጨበው ታዳሚ ደግሞ ሳይታወቀው የሁለቱ ተካፋይ ሆኗል።

በአገራችን ባለቅኔዎችና ቴአትር ሠሪዎች ጥበብን ከማንነትና ከሕዝብ ጉዳይ ጋር እንዴት እንዳገናኙ ለመመርመር ከዚህ ልማድ መነሣት የሚገባ ይመስለናል። ጉዳዩ እስካሁን ሲተረጐም የኖረው በአብዛኛው በሰምና ወርቅ ነው። ባለቅኔው ንጉሡን ወይም ሹሙን ስለሚፈራ ወርቁን በሰም ይሸፍናል፤ ብልህ አድማጭ ሰሙን አቅልጦ ወርቁን ያገኛል፤ ተቃውሞም በዚህ ስውር መንገድ ሲተላለፍ ኖሯል የሚል ነው። አሜሪካዊው ሊቅ ዶናልድ ሌቪን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1965 ባሳተሙት «ሰምና ወርቅ» በተባለው መጽሐፋቸው ይህን አሻሚነት ከቅኔ አውጥተው የአማራ ኑሮ ጠባይ እስከ ማድረግ ደርሰዋል።

ትርጓሜው ስሕተት ነው አንልም፤ ጐዶሎ ነው እንላለን። ሰምና ወርቅ ቃሉ እንዴት እንደ ተሠራ ይነግረናል እንጂ ከማን አፍ ወጥቶ ወደ ማን ጆሮ እንደ ሄደ አይነግረንም። ከዚህም በላይ ወደ ታች እንደምናየው ምንም ሳይሸፍኑ በግልጽ የተናገሩ ግጥሞች ሕዝብን አንቀሳቅሰዋል፤ በብዙ ሰም የተሸፈኑም ሰሚ አጥተው ቀርተዋል። እንግዲህ ጥበብን ከሕዝብ ጉዳይ ጋር የሚያስተሳስረው መሸፈኑ ካልሆነ ሌላ ነገር መኖር አለበት። ያም ነገር በሰጪ፣ በተቀባይና በሰሚ መካከል ያለው ውል ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ «እንደ አውሮፓ አቈጣጠር» ካላልን በቀር፣ በኢትዮጵያ አቈጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ቃልን መቀበል የአዝማሪ ብቻ አይደለም። በለቅሶ ቤት ሙሾ አውራጇ የሟቹን ዘመዶች ኀዘን ተቀብላ ግጥም ታደርገዋለች፤ አልቃሾቹም እየተቀበሉ ይመልሱላታል። የተበደለ ሰው የሞተ እንደ ሆነ በደለኛው በለቅሶው ግጥም ውስጥ የሚነሣበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ከዳኛ ፊት ያልቀረበው ክስ በዚያ ይሰማል። የጥንት ነገሥታትና መኳንንትም «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ ነበር ይባላል። እረኛው ከብቶቹን እየጠበቀ የሚያንጐራጕረው ግጥም የአገሩ ሐሳብ የወረደበት እንጂ የእርሱ የግሉ እንዳልሆነ ይታመን ስለ ነበረ ነው።

የዚህን ውል ኃይል ጠላትም ዐውቆታል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለና በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ያ ታላቅ እልቂት ከደረሰ በኋላ፣ በመጋቢት ወር ግራዚያኒ ጠንቋዮች፣ ንግርት ተናጋሪዎችና አዝማሪዎች እየተያዙ እንዲገደሉ አዟል። ጠመንጃ የያዘውን አርበኛ ማሳደዱ የጦርነት ሕግ ነው ይባል ይሆናል፤ ማሲንቆ የያዘውን ሰው መግደል ግን ሌላ ምክንያት ይጠይቃል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ አዝማሪው ከገበያ ወደ ገበያ ሲዞር «የጣሊያን መንግሥት አይሰነብትም» የሚለውን የሕዝብ ቃል እየተቀበለ ለሌላው ሕዝብ ይሰጥ ነበር። ትእዛዙን ያወጣው ሰው የሰምና ወርቅን ሙያ አያውቅም፤ ቃል ከአፍ ወደ አፍ ሲሻገር ግን ምን እንደሚሆን ተረድቶ ነበር።

አሁን ወደ መድረክ እንለፍ። በሩስያ የተማሩት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. ገደማ «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ድርሰት ለመድረክ ባቀረቡ ጊዜ አዲስ አበባ እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም ነበር። ድርሰቱ የፈረንሳዊውን የላ ፎንቴንን የእንስሳት ተረት የተከተለ ሆኖ፣ በአውሬዎቹ አማካይነት የዘመኑን የአስተዳደር ብልሹነት ይነቅፍ ነበር። ተመልካቾቹ መኳንንትና የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። ንግሥት ዘውዲቱም ነገሩን በሰሙ ጊዜ ቴአትር እንዳይታይ ከለከሉ።

ብዙ ጸሐፊዎች ይህን ታሪክ የሚያነሡት ስለ ክልከላው ነው። እኛ ግን ሌላም ነገር እናይበታለን። በተረት ውስጥ አውሬ ማናገር ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም፤ ጅብና አህያ፣ አንበሳና ቀበሮ በየምድጃው ዳር ሲነጋገሩ ኖረዋል። ስለዚህ ሰሙ የታወቀ ሰም ነበር። እንግዳ የሆነው የቃሉ አወራረድ ነው። ደራሲው ብቻውን ሰጪ፣ ተዋናዮቹ ተቀባዮች፣ መኳንንቱ ሰሚዎች ሆኑ፤ ነገሩ ግን የተነገረው ስለ ሰሚዎቹ ስለ ራሳቸው ነበር፤ በደሉን የተሸከመው ሕዝብም ከአዳራሹ ውጭ ነበረ። ከውጭ የሚቀበለው ወገን ስለሌለ አንድ የቤተ መንግሥት ቃል ቴአትሩን ሊዘጋው ቻለ። የአዝማሪን አፍ እንዲህ በአንድ ቀን መዝጋት ለማንም አልተቻለም ነበር።

በ1927 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ በቀረበ ጊዜ በአቶ መኰንን ሀብተ ወልድ መሪነት የአገር ፍቅር ማኅበር ሲመሠረት ይህ ጕድለት በከፊል ተሞላ። በዚያ መድረክ ላይ አዝማሪው፣ ፎካሪው፣ ሸላዩ፣ ባለቅኔውና ተናጋሪው አብረው ቆሙ። ሕዝቡም በአደባባይ ቆሞ ይሰማ ነበር፤ ፉከራና ቀረርቶ ደግሞ በባሕርያቸው ሰሚውን ዝም ብሎ እንዲቀመጥ የማይፈቅዱ ናቸው። ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ በዚህ ዘመን ከሁሉ ልቀው የሚታዩት የሁለቱን ቤት ሙያ አጣምረው በመያዛቸው ነው። የጐጃም የቅኔ ቤት ያስተማራቸውን ወደ መድረክ አመጡ። የአንዱን ድርሰታቸውን ርእስ «አፋጀሽኝ»ን ብቻ ብንመለከት የሴት ስም፣ የክስ ቃልና የአገር እሮሮ በአንድ ቃል ተጋጥመው እናገኛለን። የ1923 ዓ.ም. የንግሥ በዓል ዘመን የተሰማውን የብሔራዊ መዝሙር ግጥም የደረሱም እርሳቸው ናቸው።

ከዚህ ላይ ግን አንድ ጥያቄ ይነሣል። የአገር ፍቅር መድረክ «እኛ» ሲል «እኛ» ማን እንደ ሆነ አይጠይቅም ነበር። ጠላት በደጅ ስለ ቆመ መጠየቂያ ጊዜም አልነበረም። በአደጋ ሰዓት አንድነትን መቀበል ከሁሉ የቀደመ ነበር። ነገር ግን ጠላት ከተባረረ በኋላ ያው «እኛ» ሳይመረመር በመድረክ ላይ ሲቀጥል፣ ቃሉ ከሕዝብ የተቀበሉት መሆኑ ቀርቶ ለሕዝብ የሚሰጥ ትምህርት ወደ መሆን አዘነበለ።

ይህን ለውጥ በሚገባ የሚያሳዩን በአንድ ሰማዕት ላይ የተጻፉ ሁለት ድርሰቶች ናቸው። ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ ለጣሊያን አንገዛም በማለታቸው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ተገደሉ። ራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው ስለ እርሳቸው «የደም ድምፅ»ን ጻፉ፤ ከዓመታት በኋላ ደግሞ ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት»ን ደረሱ፤ በዚሁ ርእስ ያለው ግጥማቸውም በ1966 ዓ.ም. በወጣው «እሳት ወይ አበባ» ውስጥ ይገኛል።

የመጀመሪያው ርእስ ራሱ አቋሙን ይናገራል። የአቤል ደም ከምድር ወደ እግዚአብሔር እንደ ጮኸ በኦሪት ተጽፏልና፣ የሰማዕቱ ደም የሚጮኸው ወደ ሰማይ ነው፤ ፈራጁም በሰማይ ነው። ተመልካቹ ፍርዱ ትክክል እንደ ሆነ ዐውቆና ተጽናንቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ራስ ቢትወደድ በድርሰቶቻቸው ሁሉ የዚህን ዓለም ከንቱነትና የግፈኛን መጨረሻ ለማስተማር የሚተጉ ሰው ስለ ነበሩ ይህ አያስደንቅም። በጸጋዬ ግጥም ግን ጴጥሮስ የሚናገሩት ከሞት በፊት ባለችው ሰዓት ነው፤ ወደ እመቤታችን ይጮኻሉ፤ ኢትዮጵያን ለምን እንደ ተወቻት ይጠይቃሉ፤ የልጅነታቸውንም ዘመን ያስባሉ። መልስ አይመጣም። ጥያቄው በአየር ላይ ስለሚቀር የሚቀበለው ሰሚው ነው። የመጀመሪያው ድርሰት ሰማዕትን ያሳየናል፤ ሁለተኛው የሰማዕቱን ሰዓት ያሸክመናል። ስለ ሀገርም ስለ ሃይማኖትም የሁለቱ ደራስያን እምነት ብዙ የሚራራቅ አይደለም፤ ልዩነታቸው ሰሚውን በሚያቆሙበት ስፍራ ላይ ነው።

የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ግጥምም በዚሁ ሚዛን መመዘን አለበት። ከታኅሣሥ 1953ቱ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ጥቂት ወራት በኋላ አቶ ታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» የተባለውን ግጥም ለተማሪዎች አነበቡ። በዚህ ግጥም ሰም የለም፤ ርእሱም ምንም አይሸሽግም። እንግዲህ ሰምና ወርቅን ብቻ ይዞ ለሚተረጕም ሰው ይህ ግጥም ጥበብ የጐደለው ጩኸት መስሎ ይታየዋል። በእኛ ሚዛን ግን ጥያቄው ሌላ ነው። «እኔ» የሚለው ደሃ ነው፤ የሚያነበው ተማሪ ነው፤ የሚሰሙትም ተማሪዎችና መምህራን ናቸው። ደሃው «ተቀበል» ብሎ ቃሉን ለተማሪው መቼ ሰጠው? ይህ ነቀፌታ ቀላል አይደለም፤ ከዚያ በኋላ የተነሣው የተማሪዎች ንቅናቄ ሁሉ «በሕዝብ ስም» ሲናገር የተሸከመው ዕዳ ነው። ሆኖም ለባለቅኔው ፍርድ ስናደርግ፣ ርእሱ «ስለ ደሃ እናገራለሁ» አለማለቱን ማስተዋል ይገባል። ግጥሙ ደሃውን የሚታዘንለት ነገር ከመሆን አውጥቶ ተናጋሪ አድርጎታል፤ ሰሚውም በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር እንዲሰማ ተገድዷል፤ ይኸውም የደሃውን ድምፅና ደሃው ራሱ በዚያ አዳራሽ አለመኖሩን ነው።

ከዚህ ጥቂት ዓመታት በኋላ አቶ ኢብሳ ጉተማ «ኢትዮጵያዊው ማን ነው?» ሲሉ በግጥም ጠየቁ። ከላይ ያነሣነው ያልተመረመረው «እኛ» በመጨረሻ ጥያቄ ሆነ። ዋለልኝ መኰንን ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ ያቀረቡት ጽሑፍ ኅዳር 8 ቀን 1962 ዓ.ም. የወጣ ሲሆን፣ የኢብሳ ግጥም ግን ሦስት ዓመት ያህል ይቀድመዋል። ይህ ቅደም ተከተል የአጋጣሚ ነገር አይመስለንም። ጽሑፍ መልስ መስጠት አለበት፤ ግጥም ግን ጠይቆ ዝም ማለት ይችላል። ስለ ማንነት መልስ ለመስጠት ጊዜው ሳይደርስ ጥያቄውን በአደባባይ መስማት የተቻለው የግጥም ውል ስለ ፈቀደ ነው። መልሱን የፖለቲካ ጽሑፍ በተረከበ ጊዜ ብዙ ነገር ግልጽ ሆነ፤ ጥያቄውን በጋራ የመያዝ ዕድል ግን ጠበበ።

በ1959 ዓ.ም. የታወቀው የኃይሉ ገብረ ዮሐንስ (ገሞራው) «በረከተ መርገም» ደግሞ ሌላ መንገድ ያሳያል። ይህ ረጅም ግጥም በጥበባቸው ዓለምን ያስደነቁትን ሊቃውንትና ፈልሳፊዎች፣ ሥራቸው ለድኻ አደጉና ለተጨቈነው ምን ጠቀመ በማለት እየጠራ ይረግማል። አቀራረቡ ከአውሮፓ የመጣ አይደለም። ቤተ ክህነት ታወግዛለች፣ አባት ይረግማል፣ ሽማግሌም ይመርቃል፤ ሁሉም ጊዜ ሕዝቡ «አሜን» እያለ ይቀበላል። አቡነ ጴጥሮስም ለጠላት የሚገዛውን እንዳወገዙ በሕዝብ ዘንድ ሲነገር ኖሯል። የቤተ ክህነት ትምህርት የቀመሱት ገሞራው ይህን ሥርዐት ወስደው በዘመናዊው ዕውቀት ላይ አዞሩት፤ በዩኒቨርሲቲ ያለው ተማሪም በሚማረው ትምህርት ላይ «አሜን» እንዲል ተጠየቀ። ግጥሙ በእጅ እየተገለበጠና በቃል እየተጠና የኖረው ርግማኑ ስለ በረታ ብቻ አይደለም፤ ሰሚው የሚገባበት ስፍራ ከጥንት የተዘጋጀ ስለ ነበረ ነው።

የጸጋዬን ስም እንደገና ማንሣት ግድ ይሆንብናል፤ ማንነትን ወደ መድረክ በማምጣት ረገድ ታላቅ ድፍረትና አንድ ታላቅ ጕድለት በእርሳቸው ሥራ ላይ አብረው ይታያሉና። ጸጋዬ በአምቦ አካባቢ በቦዳ የተወለዱ፣ የኦሮሞንም የአማራንም ደም ያጣመሩ፣ ቅኔም የተማሩ ሰው ነበሩ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1965 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት የታተመው የእንግሊዝኛ ቴአትራቸው በኦዳ ዛፍ ስም የተሰየመ ነው። ሻንካ የተባለው ጐልማሳ ኡኩቴን አግብቶ የበኵር ልጁን ለአባቶች መንፈስ እንዲሠዋ ይታዘዛል፤ እርሱ ከሚስቱ በመራቅ ትእዛዙን ሊያመልጥ ይሞክራል፤ እርሷ ከጓደኛው ከጐዓ ዘንድ ትሄዳለች፤ ነገሩም በመከራ ይፈጸማል።

ድፍረቱ በመጽሐፍ ያልተጻፈውን የአገር እምነት ለዓለም መድረክ የሚበቃ ነገር አድርጎ ማቅረብ ነው። ጕድለቱ ግን ለሕዝብ ባሕል ተመራማሪ ወዲያው ይታየዋል። በኦሮሞ ሥርዐት ኦዳ ሸንጎ የሚቀመጥበት፣ ሰው ሁሉ ተናግሮና ተከራክሮ ሕግ የሚወጣበት ጥላ ነው። በቴአትሩ ውስጥ ግን ዛፉ ፍርድ ከላይ የሚወርድበት ስፍራ ሆነ፤ የሚነጋገረው ጉባኤ ጠፍቶ የሚታዘዘው ሕዝብ ብቻ ቀረ። ለአሳዛኝ ድራማ ይህ ይመች ይሆናል፤ የኦዳን ማንነት ግን ለውጦታል። በእንግሊዝኛ በመጻፉም ከኦዳ ጥላ ሥር ያደገው የአምቦ ገበሬ ከሰሚዎቹ ተራ ወጣ። ቃሉ ከእርሱ ተወሰደ፤ ለእርሱ ግን አልተመለሰም።

በ1966 ዓ.ም. አብዮት በፈነዳ ጊዜ ጸጋዬ «ሀሁ በስድስት ወር»ን አቀረቡ። በርእሱ ላይ ጥቂት እንቆይ። ፊደል በሚቈጠርበት ቤትም «ተቀበል» አለ፤ የኔታ «ሀ» ይላሉ፣ ልጆቹም «ሀ» ብለው ይቀበላሉ። ይህ መቀበል ከአዝማሪው መቀበል እጅግ የተለየ ነው። ልጁ አንዲት ፊደል እንኳ መለወጥ አይችልም፤ ቢሳሳት አለንጋ አለ። አዝማሪው ግን ቃሉን ያቃናዋል፣ ያጣምመዋል፣ አንዳንድ ጊዜም በሰጪው ላይ መልሶ ይቀልድበታል። የጸጋዬ ርእስ አንድ ሕዝብ በስድስት ወር ምን ሊማር ይችላል ብሎ የሚጠይቅ ይመስለናል፤ ጥያቄውም ለዘመኑ የተነገረ ማስጠንቀቂያ ሆኖ ተገኘ።

ምክንያቱም ከዚያ በኋላ በደርግ ዘመን የመድረኩ «ተቀበል» ከአዝማሪው ቤት ወደ ፊደል ቤት ተዛወረ። በየቀበሌውና በየገበሬ ማኅበሩ የኪነት ቡድኖች ተቋቋሙ። የብሔረሰቦች ዘፈንና ጭፈራ ቀድሞ ባልነበረ ብዛት ወደ መድረክ ወጣ፤ ይህ ውለታ መካድ የለበትም። ነገር ግን ልብሱና እስክስታው የየሕዝቡ ሲሆን ቃሉ ከላይ የተሰጠ መፈክር ነበር። ማንነት ይታይ ነበር እንጂ አይናገርም ነበር። በቀድሞው ዘመን ሕዝቡ ሳይታይ «እኛ» ይባል እንደ ነበረ ሁሉ፣ በዚህ ዘመን ሕዝቡ ታየ፣ «እኛ» የሚለው ግን ሌላ ሆነ።

በዚህ ላይ አንድ መቃወሚያ ሊቀርብብን ይችላል። «በደል በበዛበት ጊዜ ሕዝብን ማስተማርና ማነሣሣት እንጂ ከሕዝብ መቀበል የዝግታ ሥራ ነው፤ የሕዝብ ቃልም ሁልጊዜ ፍትሕን የያዘ አይደለም፤ አዝማሪው የሹሙን ስድብ እንደሚቀበል የዝቅተኛውን ወገን ንቀትም ይቀበላል» ይባል ይሆናል። ይህ እውነት ነው። በዕደ ጥበብ ለሚኖሩ ወገኖች የወጡ የስድብ ግጥሞች የተላለፉት በዚሁ መንገድ ነው። አዝማሪው ራሱም የሚወደድና የሚናቅ ሰው ሆኖ ኖሯል። ስለዚህ መቀበል ብቻውን ጽድቅ አይደለም። ነገር ግን የአዝማሪው ውል ለዚህ ሕመም መድኃኒቱን አብሮ ይዟል፤ በዚያ ቤት ሌላው ታዳሚ ተነሥቶ «ተቀበል!» ብሎ መልስ መስጠት ይችላልና። በፊደል ቤትና በመፈክር መድረክ ግን መልስ የሚሰጥበት ተራ የለም። የአንድን የሕዝብ ጥበብ ዋጋ ለመመርመር ከሁሉ የሚሻለው መጠይቅ ይህ ነው፤ የተናደደ ወይም የተነቀፈ ሰው በሚቀጥለው ስንኝ የሚገባበት በር አለን?

ከዚህ ሁሉ ለተመራማሪዎችና ለተማሪዎች የሚወጣ አንድ የሥራ ነገር አለ። የቃል ግጥም ስንሰበስብ አብዛኛውን ጊዜ ስንኙን ብቻ ጽፈን ከራሱ ላይ «የአዝማሪ ግጥም» ብለን እናልፋለን። ስንኙን የሰጠው ማን እንደ ሆነ፣ ገበሬ ይሁን ነጋዴ፣ ወታደር ይሁን የቤት እመቤት፣ አዝማሪውም ሲቀበለው ምን እንደ ለወጠ፣ ከታዳሚዎቹም ማን እንደ ሣቀና ማን ተነሥቶ እንደ ወጣ አንጽፍም። በቴአትርም ድርሰቱ ታትሞ ይቀራል እንጂ በታየበት ምሽት አዳራሹ በየትኛው ቃል ላይ እንዳጨበጨበና በየትኛው ላይ ጸጥ እንዳለ አይመዘገብም። በዚህ ዓይነት ግጥሙ ይተርፋል፣ ውሉ ግን ይጠፋል። ከእንግዲህ ወደ ሠርግ ዳስም ሆነ ወደ ቴአትር ቤት ማስታወሻ ይዞ የሚሄድ ተማሪ ከስንኙ በፊት «ተቀበል» ያለውን ሰው ይጻፍ፤ ስሙን ለመግለጽ የማይፈቅድ ቢሆን እንኳ የተቀመጠበትን ስፍራና የኑሮውን ዓይነት ይጻፍ።